ከማሞቂያው ጀርባ

ጋሽ ወርቅነህን ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። አስተዳደጌ ነው፣ አልተወኝም። ውስጤ ግን ልክ እንደዚያ ቀን ይንጨረጨራል። ብዙ ሰው "ንዴትሽ ሲበርድ ጻፊው" ብሎ መክሮኛል። ሲበርድልኝ ማለባበስ እንደምጀምር ስለማውቅ እንደጋለ ልጻፈው ብያለሁ።

መጀመሪያ ያኔ የነበረችውን ሰናይት ላስተዋውቃችሁ። ጎሮ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ የምትውል፣ የታክሲ ረዳት ሲያመናጭቃት መልሳ የምታመናጭቅ፣ ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ ግን ምላሷ የሚታሰር ሴት ነበረች። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ይደፋል፤ ሲጨርስ "እሺ" ይባላል። እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት።

ከጎረቤቶቼ የሚለየኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዓሣ አሳድጋለሁ። ሳሎኔ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን መቀመጥ በነበረበት ቦታ፣ ትልቅ አኳሪየም አለ። ከአገር የወጣ ጎረቤቴ ነው ከነዓሣው ያወረሰኝ። ዓሣው አንድ ብቻ ነበር፤ ጥቁር ሆኖ መብራት ሲያርፍበት ሰማያዊ ነጠብጣብ የሚያወጣ፣ ግንባሩ የገነነ፣ ሲክሊድ ከሚባለው ወገን የሆነ ወንድ። ሐይቅ ዳር ሄደን የምንበላው ቆሮሶ ዘመዱ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ስሙን ሻለቃ አልኩት፤ ወደ መስታወቱ በተጠጋሁ ቁጥር እኔኑ ሊያባርረኝ ይመጣ ነበርና።

ብቸኝነቱ አሳዝኖኝ ጓደኛ ላመጣለት ስል ነው ጠባዩን የተማርኩት። ሻጭ ሁሉ "ይስማማሉ፣ አታስቢ" ይላል። አይስማሙም። መጀመሪያ ያመጣሁለትን ትንንሽና የሚያብረቀርቁ ዓሦች ቁርስ አደረጋቸው። ቀጥሎ የገዛኋትን ክንፈ ረጅም ዓሣ ክንፏን በጥቂት በጥቂቱ እየቀደደ ጨረሳት። ከዚያ አንብቤም፣ ሰው ጠይቄም፣ አልቅሼም ገባኝ። ለእንዲህ ዓይነቱ ዓሣ አብሮ ኗሪ ሲመረጥ አፉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ አይሆንም። ዘርፋፋና ቀርፋፋ አይሆንም። መልኩና ቁመናው እሱን የሚመስልም አይሆንም፤ ተቀናቃኝ መጣብኝ ይላል። የሚሆነው ወይ ከላይ ከላይ የሚዋኝ ፈጣን ነው፣ ወይ ቆዳው ጋሻ የሆነ፣ ድንጋይ ሥር ተለጥፎ የሚውል ነው። አዲስ ሲገባ ደግሞ ድንጋዮቹን ሁሉ አንስቶ ቦታ መቀያየር ያስፈልጋል፤ ነባሩ "ይሄ የኔ ግዛት ነው" የሚለው ነገር እንዲጠፋበት።

ከሁሉም በላይ መሸሻ መኖር አለበት። ወንዝ ውስጥ የተሸነፈ ዓሣ ሸሽቶ ይሄዳል፤ ጠቡም እዚያ ላይ ያልቃል። መስታወት ውስጥ ግን የተሸነፈው የሚሄድበት የለውም፤ ስለዚህ አሸናፊው ማሸነፉን አያቆምም።

ሻለቃ ለጠባዩ ከመረጥኩለት ፈጣኖችና ከአንዲት ድንጋይ ሥር ከምትውል ዓሣ ጋር ተስማምቶ እየኖረ ሳለ ነው ታናሽ እህቴ ሊዲያ ሻንጣ እንኳ ሳትይዝ ቤቴ የመጣችው። ገርጂ ከባሏ ከኤርሚያስ ጋር ነበር የምትኖረው። በሩን ስከፍትላት ትንሿ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልላለች።

"ኢምፔሪያል ጋ የሚኒባስ በር ዘጋብኝ" አለችኝ።

ሻይ ሰጠኋት። ብርጭቆውን በደህናው እጇ አነሳች።

"ሊዱ፣ እውነት የሚኒባስ በር ነው?"

አይደለም በሚል አንገቷን ነቀነቀች። የመኝታ ቤታቸው በር ነበር። ማን እንደዘጋው አልጠየቅኳትም። የመጀመሪያውም አልነበረም፤ ከዚያ በፊት "ደረጃ ላይ ወድቄ"፣ "ቁም ሣጥን ገጭቶኝ" ስትለኝ አምኜም ሳላምንም አልፌ ነበር።

"ከእንግዲህ እዚህ ትኖሪያለሽ" አልኳት።

"ሽማግሌ ይልካል" አለች። "ሽማግሌ ከመጣ እምቢ ማለት አልችልም። እማዬ ትሞትብኛለች።"

እንዳለችውም ላከ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ኤርሚያስን አስከትለው መጡ። ዋናው ጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ የእናቴ የድሮ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ገርጂ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ ስማቸው የሚጠራ። ሁለተኛው የኤርሚያስ አጎት ናቸው። ሦስተኛውን ሰውዬ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ "ልክ ነው" ከማለት ሌላ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም። ከእነሱ ቀድማ የደረሰችው እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከሶፋው ጫፍ ተቀምጣለች።

"እኔ ያስታረቅኩት ትዳር" አሉ ጋሽ ወርቅነህ ገና ከመቀመጣቸው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስካሁን አንድም አልፈረሰም።"

"ልክ ነው" አሉ ሦስተኛው ሰው።

ኤርሚያስ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ ነው የመጣው። በእጁ አፉ በላስቲክ የታሰረ፣ ውሃ የተሞላ ፌስታል ይዟል።

"ለሰኒ ነው" አለ ፈገግ ብሎ። "እንዴት ባዶ እጄን እመጣለሁ? ዓሣ እንደምትወድ አውቃለሁ፤ ቦሌ ድረስ ሄጄ ነው የመረጥኩላት።"

ፌስታሉ ውስጥ ያለችው ቀይ ፓሮት ነበረች። ክብ፣ ብርቱካን የምታህል፣ ዓይኗ ትልልቅ። ይህችን ዓሣ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሰዎች ናቸው የተለያዩ ሲክሊዶችን አዳቅለው የፈጠሯት። ስታምር ታምራለች፤ አፏ ግን በደንብ አይገጥምም። ብትነከስ መልሳ መንከስ አትችልም።

"ኤርሚ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ከዚያኛው ጋር አትሆንም" አልኩ። "ይጎዳታል። ሌላ ገንዳ ደግሞ የለኝም።"

"ሻጩ ይስማማሉ ብሎኛል እኮ።"

"ሁለቱም ዓሣ አይደሉም እንዴ?" አሉ አጎትየው። ሁሉም ሳቁ።

"ጋሽ ወርቅነህ፣ የምሬን ነው…"

"ልጄ" አሉ እጃቸውን አንስተው፣ "ለእርቅ የመጣ ስጦታ አይመለስም። እርቁ ከዚህ ይጀምራል። በይ እዚሁ ፊታችን ጨምሪያት።"

እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ። ይሄውላችሁ፣ እኛ ብቻ የምንሠራው ስህተት እዚህ ጋ መጣ። እንደማትሆን አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ፣ ዓሣ ገድዬ የተማርኩት ነገር ነው። ግን ሽማግሌ ፊት፣ እንግዳ ፊት፣ ለአንዲት ዓሣ ብዬ ስጦታ ልመልስ? ሰው ምን ይለኛል? ፌስታሉን ውሃው ላይ አንሳፍፌ ሙቀቱ እስኪመጣጠን ጠበቅኩና ፈታሁት። ይሉኝታ ይሉታል። እኔ አሁን ሌላ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ጨዋ አንባቢ ስላለ አልጽፈውም።

ሻለቃ ጉንጩን ነፍቶ ከድንጋዩ ሥር ወጣ። አንዴ ዞራትና ጎኗን ገጫት። ሸሸች። ተከተላት። ከመስታወት መስታወት ሲያሯሩጣት ሽማግሌዎቹ እንደ ኳስ ጨዋታ ያዩ ነበር።

"ገና ስላልተዋወቁ ነው" አሉ አጎትየው። "ይለማመዳሉ።"

ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ትዳር ውስጥ አለመግባባት ያለ ነው አሉ። እሱ ቁጡ ነው፣ አንቺም ምላስሽን ያዝ አድርጊ አሉ። እሱ ቃል ይገባል፣ አንቺም ትችያለሽ አሉ። ሊዲያ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። አጎትየው ድንገት ፋሻውን አዩና "ጣትሽን ምን ሆነሽ ነው?" አሏት። ቀና ብላ ኤርሚያስን አየችው። እሱም አያት።

"የሚኒባስ በር ነው" አለች።

"አይ እነዚህ ሚኒባሶች!" አሉ አጎትየው፤ ወሬው ወደ ትራንስፖርት ችግር ሄደ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሻይ እቀዳለሁ። ሦስት ሽበታም ሰዎች ስለ ረዳቶች ባለጌነት በቁጭት ሲያወሩ፣ የሰበራት ሰውዬ ራሱን እየነቀነቀ ሲስማማ፣ ብርጭቆውን ፊቱ ላይ ያልደፋሁት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

"እንግዲህ ዝም ብላለች፤ ተስማምታለች ማለት ነው" አሉ ጋሽ ወርቅነህ ሲነሱ። "ነገ መጥተን እንጨርሰዋለን። ዕቃዋን ሰብስባ ትጠብቀን።"

በሩ ሲዘጋ ባልዲ ይዤ ወደ አኳሪየሙ ሄድኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ላወጣት ነው እማ። ትሞታለች።"

"ነገ መጥተው ባልዲ ውስጥ ቢያዩዋት ምን ይላሉ? ስጦታውን ናቀች፣ እርቁንም አልፈለገችም አይሉም? አንድ ቀን ነው። ትቻለው።"

"ትቻለው" የሚለውን ቃል ስትናገረው ሊዲያን እያየች ነበር። እናቴን እወዳታለሁ፤ በዚያች ቃል ግን እስካሁን ይቅር አላልኳትም። የውሃ ማሞቂያዬ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ባልዲ ውስጥ በብርዱ መሞቷ አይቀርም ብዬ ራሴን አታለልኩና ተውኩት። የቻልኩትን አደረግኩ። ድንጋዮቹን ሁሉ አንስቼ ቦታቸውን ቀያየርኩ፤ የሸክላ አበባ ማስቀመጫ አስተኝቼ መደበቂያ ሠራሁላት። ሻለቃ ግራ ተጋብቶ ትንሽ በረድ አለ።

እሁድ ጠዋት ወደ ሳሎን ስወጣ ሊዲያ አኳሪየሙ ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ውሃው ጸጥ ብሏል። ሻለቃ መሀል ላይ በዝግታ ይንሳፈፋል። "ተመስገን፣ ተረጋጋ" ብዬ ቀይዋን ብፈልግ አጣኋት። መደበቂያው ውስጥ የለችም። ድንጋይ ሥርም የለችም።

"እዚያ" አለችኝ ሊዲያ፣ በተጠቀለለው ጣቷ እያሳየች።

ከላይ ጥግ ላይ፣ በማሞቂያው ቱቦና በመስታወቱ መሀል ተወትፋለች። ቀይነቷ ለቆ ነጣ ብላለች፤ ጎኗ ላይ ጥቁር ጥቁር ጠባሳ የመሰለ ነገር ወጥቶባታል። ጅራቷ ተቀዳዷል። ከአፏና ከጉንጯ በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የላትም።

"ምግብ ጥዬላት ነበር፣ አልወጣችም" አለች ሊዲያ። "እሱ አሁን አይነካትም። አያስፈልገውም። ዞር ብሎ ሲያያት ብቻ ይበቃታል፤ ይበልጥ ትጠጋለች።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም፣ ለቅሶም ንዴትም። መረቡን አነሳሁ። እጄን ያዘችኝ።

"ተያት። እስኪመጡ ተያት።"

"ለምን?"

"ይዩዋት" አለች።

ከሰዓት በኋላ መጡ። እናቴ ሊዲያ ከእኔ የተዋሰችውን ልብስ ሰብስባ በቦርሳ አድርጋ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች። ጋሽ ወርቅነህ ሊቀመጡ ሲሉ ዓይናቸው አኳሪየሙ ላይ አረፈ። ፊታቸው በራ።

"አያችሁ!" አሉ። "ትላንት ሲሯሯጡ የነበሩት ዛሬ እንዴት ጸጥ ብለዋል! አልኳችሁም? ዓሣ እንኳ አብሮ መኖርን ይለምዳል።"

"ልክ ነው" አሉ ሦስተኛው ሰው።

ሊዲያን አየኋት። ይዩዋት ብላ የጠበቀችው ጉዳቷን እንዲያዩ ነበር፤ አይተው ያዩት ደግሞ ጸጥታውን ሆነ። ትከሻዋ ወረደ። እጇ ወደ ቦርሳው ሄደ።

"ጋሽ ወርቅነህ፣ ይነሱ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ይነሱና ቀይዋን ያሳዩኝ። የት አለች?"

"ሰናይት!" አለች እናቴ።

"ቆዪኝ እማ! ጋሽ ወርቅነህ፣ ተስማሙ ብለዋል። ሁለቱንም ያሳዩኛ!"

ከግርምታቸው ብዛት ይመስለኛል፣ ተነሱ። መነጽራቸውን አደረጉ። ከታች ፈለጉ፣ ድንጋዮቹን አዩ።

"አላየኋትም" አሉ።

"ከማሞቂያው ጀርባ።"

ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። ብዙ ቆዩ።

"ምን ሆና ነው?"

"ተስማምታ ነዋ! እንዲህ ነው የምትስማማው! ጅራቷን ይዩ። መልኳን ይዩ። ከትላንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ቤቱ ጸጥ ያለው ጠቡ አልቆ አይደለም፤ አንዷ መንቀሳቀስ አቁማ ነው! አትሆንም፣ ይጎዳታል ስላችሁ ሳቃችሁብኝ። አሁንስ ያስቃል?"

"ይቺ ልጅ ምን ነካት?" አሉ አጎትየው። "ሰውና ዓሣ አንድ ሆነ?"

"አልሆነም! ለዓሣዋ ቢያንስ የማወጣት እኔ አለሁላት!"

"ባል የሌላት ሴት ስለ ትዳር ምን ታውቃለች" አለ ኤርሚያስ። ፈገግታው አሁንም ፊቱ ላይ ነበር።

ሊዲያ ምንም ሳትናገር ተነስታ ከጠረጴዛው ላይ መረቡን አነሳች።

"ቁጭ በይ" አለ ኤርሚያስ።

አልጮኸም። አጭርና ዝቅ ያለች ቃል ናት። እሱ ከሳሎኑ ወዲያኛው ጫፍ ነው፣ መሀላቸው ሶፋ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ እናታችን አለች። ሊዲያ ግን መረቡን ጥላ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ሸፈነችና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ከአኳሪየሙና ከግድግዳው መሀል፣ ጥጉ ውስጥ።

ሦስተኛው ሰው እንኳ "ልክ ነው" አላሉም።

ከዚያ ሊዲያ እጆቿን ቀስ ብላ አወረደች። ሁላችንንም አየችን፣ ራሷንም ያየች መሰለኝ። ያቺን ጣት ከፍ አደረገች።

"የሚኒባስ በር አይደለም" አለች። "እሱ ነው። ጣቴን በሩ ላይ ይዞ ነው የዘጋው። አልሄድም።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያገላብጡት ጀመር።

"ልጄ፣ ታዲያ ይሄን ለምን ትላንት አልነገርሽንም?" አሏት።

"ትላንት ጠየቋት?" አልኩ እኔ። "ባሏን አጠገቧ አስቀምጣችሁ ዝም ስትል 'ተስማማች' አላችሁ። ማን ነው የጠየቃት?"

ሦስቱም ተነሱ። ያለ ምርቃት ነው የወጡት፤ ሽማግሌ ከቤቴ ያለ ምርቃት ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ኤርሚያስ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

"እንግዲያው ዓሣዬን ስጡኝ፣ ልውሰዳት" አለ።

"አንዳቸውንም አትወስድም" ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ቀይዋን በባልዲ አደረግናት፤ ማሞቂያውን ከሻለቃ ቀምተን ለእሷ ሰጠናት። በኋላ የራሷን ገንዳ ገዛንላት። ብዙ ቀን አልበላችም። መጀመሪያ የበላችው ከሊዲያ እጅ ነው። ጅራቷ ተመልሶ በቅሏል፤ ጥቁሩም ለቋታል። ሊዲያ ሥራ ይዛለች፣ የምትኖረው ከእኔው ጋር ነው። ጣቷ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቀርቷል።

እኔም የመጣብኝ ነገር አለ። "ትዳር አፍራሿ" ተብያለሁ። ዘመዶቼ ሠርግ ሲደግሱ አይጠሩኝም፤ ሙሽራ ፊት ምን ትናገር ይሆን ብለው ይፈሩኛል። እውነታቸውን ነው፣ ይፍሩኝ። አንገቴን ደፍቼ እሺ ማለት የተውኩት በዚያ እሁድ ነው፤ ቢሮም ሆነ ቤት እንደ ድሮው መመለስ አልቻልኩም፣ ልመለስም አልፈልግም። እናንተም የምታነቡኝ ሰዎች፣ ነገ ለማስታረቅ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ስታገኙት ደስ አይበላችሁ። ተነሱና ሌላኛዋ የት እንዳለች ፈልጉ።

በቅርቡ ጋሽ ወርቅነህን ኢምፔሪያል ጋ ታክሲ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

"ሰናይት፣ ልጄ" አሉኝ፣ "ከዚያ ወዲህ ሴቲቱን ለብቻዋ ሳላናግር ለእርቅ አልቀመጥም።"

"ጥሩ አደረጉ" አልኳቸው። ከልቤም ነበር። መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን አልሄደም። "ጋሽ ወርቅነህ፣ የበፊቶቹንስ? አንድም አልፈረሰም ያሉኝን ሁሉ፣ ተመልሰው ሄደው አዩዋቸው?"

መሬት መሬት አዩ። ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ ለሽማግሌ ብሎ ሰው ገለል አድርጎ አስገባቸው፣ እስኪቀመጡ ጠበቃቸው፣ በሩንም በጥንቃቄ ዘጋው። የማንንም ጣት አልያዘም።